ድርና ማጉን ሳያውቁ ስለ ጥበብ ማውራት

በተማሪ ስብሰባ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይባል የተፈጸመ ንግግር መኖሩን እንጠራጠራለን። ተናጋሪው ይለዋል፤ አድማጩ ያጨበጭባል፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም ይመዘግባል። ይሁን እንጂ ከአጨብጫቢዎቹ ጥቂቱን በአዳራሹ በር ላይ አቁመን፣ «ለመሆኑ ድር ማለት ምንድን ነው? ከማግስ በምን ይለያል?» ብለን ብንጠይቅ፣ አንዱ ስለ ሸረሪት ይነግረናል፤ ሌላው «ቆይ በስልኬ ልፈልግልህ» ይለናል፤ እናቱ ወይም አያቱ ስትፈትል እያየ ያደገው ብቻ በትክክል ይመልስልናል። ድር ሸማኔው አስቀድሞ በቁመት የሚዘረጋው ክር ነው፤ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ እያሳለፈ በአግድም የሚያስገባው ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጨርቅ አይሆንም። ይህን ማወቅ ዲግሪ አይጠይቅም፤ አለማወቅ ግን ዲግሪ ሊይዝ ከተዘጋጀ ሰው አይጠበቅም።

ይህን ያነሣነው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ልናቀርብ የፈለግነው አሳብ አጭር ነው። ይኸውም፣ በቤት ውስጥ የሚሠራ የክር ሥራ፣ መፍተልም ሆነ መጥለፍ፣ ኪሮሽና ሹራብ መሥራትም ሆነ የበግ ጠጉር ማቅለም፣ የሥራ ፈት ጊዜ ማሳለፊያ ነው መባሉ ይብቃ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከእነዚህ አንዱን በገዛ እጁ ይማር የሚል ነው። ምክንያታችንን በየተራ እንዘርዝር።

በየቤታችን የክር ሥራ ያልገባበት ጥግ የለም። በሶፋው መደገፊያና በጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ዳንቴል፣ በትራስ ልብሱ ጠርዝ ላይ ያለው ጥልፍ፣ በሙዳይ ውስጥ የተቀመጠው ልቃቂት፣ ለሕፃን የተሠራው ሹራብ፣ ሁሉም የአንድ ሰው ምሽት ያለቀበት ሥራ ነው። ዛሬ በከተማ አነጋገር ይህ ሁሉ «ሆቢ» ተብሏል። በስሙ አንጣላም፤ ለደስታ የሚሠራ ሥራ ነውር የለበትም። የምንጣላው «ሆቢ ነው» ሲባል «ዕውቀት አይደለም» ለማለት ከሆነ ነው።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ ሁለት ምላስ አለው። ጥበብ ስንል ዕውቀትንና ማስተዋልን ማለታችን ነው፤ በቀሚስና በነጠላ ጫፍ ላይ የሚወርደውንም ኅብረ ቀለም ጥበብ እንለዋለን። እንዲህ ያለ ክቡር ስም የተሰጠውን ነገር የሚሠራው ሰው ግን ክቡር ስም አላገኘም። የመኳንንት ሚስት በእልፍኟ ተቀምጣ ስትፈትል «ቀጭን ፈታይ» ተብላ ትወደስ ነበር። ያው ልቃቂት ከእልፍኝ ወጥቶ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ሲወርድ፣ እዚያ ተቀምጦ የሚሠራው ሰው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ክሩ አንድ ሆኖ ሳለ በእመቤቲቱ እጅ ሙያ፣ በሸማኔው እጅ ውርደት የሆነበትን ምክንያት የሚያስረዳን ሎጂክ በየትኛውም ክፍል አልተማርንም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ፣ በቡዳነትም እየተጠረጠረ አገር ሊለማ እንደማይችል ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተውት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ ሌላ ተጨምሮበታል። ስድቡን ዛሬ በአደባባይ አፍ አውጥቶ የሚናገር ጥቂት ነው። ንቀቱ ግን አድራሻ ለወጠ እንጂ አልሞተም። የዛሬ አድራሻው የት እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከስድስት ኪሎ በር ወጥቶ የእንጦጦን መንገድ ይዞ ሽሮ ሜዳ መድረስ ይበቃል።

በሽሮ ሜዳ ገበያ ያሉት ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ለጥምቀት ወይም ለምረቃ ልብስ ፍለጋ የወጣ ተማሪ ከሱቁ ይገባል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ «ለዚች ክር ይህን ሁሉ?» ብሎ ይወጣል። ከዚያም ጥቂት ቤቶች አልፎ የጥበብ ሥዕል የታተመበትን የፖሊስተር ጨርቅ በርካሽ ይገዛል። ይህ ጨርቅ ከውጭ ፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ ጥበቡ በቀለም የታተመ እንጂ የተሸመነ አይደለም። ቢገለብጡት ጀርባው ነጣ ብሎ ይታያል፤ ቢዳስሱት ጥበቡና ጨርቁ አንድ ልስላሴ ናቸው። እንግዲህ ይህን የለበሰው ሰው የጥበብን ፎቶግራፍ ለብሶ ነው ስለ ባህል የሚከራከረን። ገንዘብ ያጠረውን ተማሪ አንወቅስም፤ ተማሪ ምን ጊዜም ኪሱ ባዶ ነው። የሚያሳዝነን ግን ሁለቱን መለየት አለመቻሉ፣ መለየትም እንዳለበት አለማሰቡ ነው።

እዚህ ላይ አሳባችን እንዳይጣመም እንጠንቀቅ። «ከውጭ የመጣ ሁሉ ይጥፋ» ማለታችን አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን ሸማኔዎቻችን ለጥለት የሚሆናቸውን ቀይና ሰማያዊ ክር ብዙ ጊዜ ያገኙ የነበረው ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ገዝተው እየተረተሩ ነበር። የሰው አገር ክር በእጃቸው አልፎ የእኛ ጥበብ ሆነ። ዛሬም ብዙ ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል ይጠቀማል፤ ይህ ብልኀት ነው። በታተመው ጨርቅ ላይ ያለን ቅሬታ ባዕድ በመሆኑ አይደለም፤ በመካከሉ የሚሠራውን ሰው ጨርሶ ስላስወጣው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ያ ተማሪ «ለዚች ክር ይህን ሁሉ?» ያለው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሥራውን ስለማያውቀው ነው። ጥጡ በመጀመሪያ በመዳመጫ ከፍሬው ይለያል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። ፈታይዋ ከባዘቶው በጣቷ እየመዘዘች በእንዝርት ታከረዋለች፤ የተፈተለው ይጠቀለልና ልቃቂት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሸማኔው ገና ሥራ አልጀመረም። እርሱ ድሩን ይዘረጋል፤ ማጉን ይወረውራል፤ ጥበብ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ የድሩን ክር በጣቱ እየቈጠረና እየለየ ባለ ቀለሙን ክር ያስገባል። የሒሳብ ትምህርት ክፍል ወንድሞቻችን አንድ ቀን አጠገቡ ቢቀመጡ፣ በቃሉ የያዘውን የቍጥር ሥርዐት ወረቀት ላይ ለማስፈር እንደሚቸገሩ አንጠራጠርም።

ከሥራው ሁሉ ረጅሙ መፍተሉ ነው። በእንግሊዝ አገር የመፍተያ መኪና ከመፈልሰፉ በፊት አንድን ሸማኔ ክር ሳያቋርጡ ለማሠራት ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉ ነበር፤ የክር እጥረት ነው በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የመፍተያ መኪና ያስፈለሰፈው። የኢንዱስትሪ አብዮት እያልን ለፈተና የምናጠናው ታሪክ መነሻው እንዝርት ነበር ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ምሽት እንዝርት ይዞ ክሩ አሥር ጊዜ ሲበጠስ ማየት ግን ሌላ ነው። በዚያች ምሽት እጁ የዛለ ተማሪ በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ «ለዚች ክር» የሚል አይመስለንም።

የሚነሡብንን ተቃውሞዎች እናውቃለን። ከሁሉም የከበደው የእኅቶቻችን ነው። «እናቶቻችን ዐይናቸው እስኪደክም የፈተሉት፣ እኛ ከእንዝርት ወጥተን እስክሪብቶ እንድንይዝ ነው። አሁን እናንተ ተመልሳችሁ እንዝርቱን ልታስጨብጡን ነውን?» ይሉናል። ጥያቄው እውነት ያለበት ነው። «ባለሙያ» የሚለው ምስጋና ለስንት ልጃገረድ ሰንሰለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በትምህርት ቤትም ዘመን ወንዱ ሌላ ሲማር ሴቷን ለይቶ ለባልትናና ለጥልፍ ማስቀመጥ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነበር። ይህን የምታውቅ ተማሪ መርፌን በጥርጣሬ ብታየው አይፈረድባትም።

መልሳችን አንድ ነው፤ ወንዶቹ ይቅደሙ። መርፌና ክር በተፈጥሮ የሴት ናቸው የሚል ሰው ቢኖር ማስረጃው በአገሩ ላይ የለም። በጋሞ ሴቷ ትፈትላለች፤ የሚሸምነው ወንዱ ነው። በሽሮ ሜዳና በመርካቶ በእግር በሚዘወር የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የቀሚስና የካባ ጥልፍ የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ለእንጀራ ሲሆን የወንድ፣ በቤት ውስጥ ያለ ክፍያ ሲሆን የሴት የሚሆን ሥራ ካለ፣ የተከፋፈለው በጾታ ሳይሆን በገንዘብ ነው። በግድ የተሠራና በፈቃድ የተሠራ ሥራ አንድ እንዳልሆነም ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በዶርሙ አልጋ ላይ ተቀምጦ ኪሮሽ የሚሠራ ወንድ ተማሪ ሳቅ ሳይሆን ሰላምታ ይገባዋል፤ አንዲት እኅታችንም «እኔ አልሠራም» ብትል መብቷ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «አገር በፋብሪካ እንጂ በእንዝርት አያድግም» የሚል ነው። ፋብሪካ አይቁም ያለ የለም፤ የድሬ ዳዋና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የብዙ ሺሕ ሰው እንጀራ ሆነው ኖረዋል። ግን አንድ ምሳሌ እናንሣ። ለንደን የሕግ ትምህርት የተማሩት ማኅተመ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መፍተልን የየዕለት ተግባራቸው አድርገው፣ የተማሩ ሕንዳውያን ሁሉ እንዲሁ እንዲፈትሉ ጠየቁ። የውጭ ጨርቅን መቃወም አንዱ ዓላማቸው ነበር፤ ሌላው ዓላማቸው የተማረው ሰው የድኻውን ሥራ በእጁ እንዲቀምሰው ነበር። በኢኮኖሚክሱ ከጋንዲ ጋር የማይስማማ ሰው እንኳ ይህን ሁለተኛውን ነገር በቀላሉ የሚጥለው አይደለም።

ስለ ሳይንስም ከተነሣ፣ የቀለም ድስት ለሳይንስ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ በፋሲካ ዕረፍት ለንደን በሚገኘው ቤታቸው ውስጥ ባዘጋጃት ትንሽ ላቦራቶሪ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር፣ ያልጠበቀው ሐምራዊ ቀለም ወጣለት። ሐር ነክሮ ሞከረው፤ ያዘ። ዛሬ ልብሳችንን ሁሉ የሚያቀልመው የሰው ሠራሽ ቀለም ኢንዱስትሪ የተጀመረው ከዚያ ነው። ባየር የተባለው የጀርመን መድኃኒት ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1863 ሲቋቋም የቀለም ፋብሪካ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ዕረፍቱን በቤቱ በሠራ አንድ ተማሪ ነው።

እኛ ዘንድም ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። የበግ ጠጉር እንደ ሰው ጠጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ስለሆነ ከጥጥ ይልቅ ቀለም በቀላሉ ይይዛል። የካፌው ወጥ ቤት በየቀኑ የሚጥለውን የቀይ ሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ ሰብስቡ። ለ100 ግራም ደረቅ ጠጉር 100 ግራም ያህል ልጣጭና ከ10 እስከ 15 ግራም ሻብ ይበቃል። ጠጉሩ በለብታ ውሃና በሳሙና ሳይታሽ ስቡ እስኪለቅ ይታጠባል። ሻቡ በሙቅ ውሃ ይሟሟና ጠጉሩ በዚያ ውስጥ ከ80 ዲግሪ ብዙ ሳያልፍ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ሻቡ ቀለሙንና ጠጉሩን የሚያስተሳስር ነው። ልጣጩ ለብቻው አንድ ሰዓት ተፈልቶ ይጠለላል፤ ሲበርድ ጠጉሩ ይገባበትና እሳቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሌላ አንድ ሰዓት ይቆያል። እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ከወርቃማ ቢጫ እስከ ብርቱካንማ ቡኒ ድረስ ይወጣል። የዛገ ምስማር በአቸቶ ዘፍዝፋችሁ ጥቂት ብታክሉበት ይጠቁራል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ያለ ሻብም ያቀልማል። እርድ እጅግ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ነገር ግን ፀሐይ ይወስደዋል። አደራ፣ የተቀለመበት ድስት ዳግመኛ ለምግብ አይሁን። ጠጉሩንም ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት አትወርውሩት፤ ቢታሽና ቢደነግጥ የጠጉሩ ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይጨማደዳል፣ ይጓጉላልም።

ጠጉሩ ከየት ይምጣ? ከመንዝና ከአካባቢው ደጋ የመጡ ጓደኞቻችን ይነግሩናል። የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ነው፤ ለአንገት ልብስ ባይመች ለምንጣፍና ለብርድ ልብስ የታወቀ ነው። ዝተት፣ ባና፣ በርኖስ የምንላቸው የደጋ ልብሶች ሁሉ ከበግ ጠጉር የተሠሩ ናቸው። በሱቅ «የሹራብ ክር» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ አክሪሊክ ስለሆነ የሽንኩርት ቀለም አይይዝላችሁም። መለያው ቀላል ነው። ከክሩ ትንሽ ቆርጣችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጠጉር ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይደቃል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና እንደ ጠጠር ይደርቃል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ እኛው ራሳችን አንሥተን ተከራክረንበታል። ተማሪው ለደስታ የሠራውን ጥልፍና ሹራብ መሸጥ ቢጀምር በዚሁ ሥራ ልጅ የሚያሳድገውን ሰው አያፈናቅልም ወይ? ያፈናቅላል። በቤተሰቡ ወይም በመንግሥት ገንዘብ የሚበላ ተማሪ ጊዜውን ዋጋ ሳያወጣለት በርካሽ ሲሸጥ፣ የጠላፊዋን ዋጋ ያወርድባታል። ስለዚህ ደንብ እናውጣ። ለራሳችንና ለወዳጅ ስጦታ እንሥራ፤ መሸጥ ካስፈለገም ለእንጀራ የሚሠራው ሰው ከሚሸጥበት ዋጋ አንድ ሳንቲም አናሳንስ። ሥራውን የቀመሰ ተማሪ የሸማኔው ተፎካካሪ ሳይሆን የሚያውቅ ደንበኛው እንዲሆን ነው የምንፈልገው።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉን የምንመልሰው አጭር ነው። በየምሽቱ በስልክ መስታወት ላይ አውራ ጣት እየጎተትን የምናሳልፈውን ሰዓት እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። ክር የያዘ እጅ ጆሮንና አንደበትን አያስርም፤ እየጠለፉ መከራከር፣ እየፈተሉ ሌክቸር የተቀዳ መስማት ይቻላል። እናቶቻችን ቡና እያፈሉ፣ ልጅ እያባበሉ፣ የጎረቤትን ጠብ እያስታረቁ ፈትለዋል።

እንግዲህ ለኅብረታችን የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ምሽት አንድ ክፍል ለክር ሥራ ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ ፈታይ፣ ጠላፊና ሸማኔ እየተጠሩ ያስተምሩን፤ ሲመጡም እንደ ተጋባዥ መምህር ተከብረው ተገቢው አበል ይከፈላቸው እንጂ ለፎቶግራፍ ብቻ አይጠሩ። ሦስተኛ፣ ለኅብረቱ በዓላት የሚገዛው ልብስ የታተመ ሳይሆን የተሸመነ ይሁን፤ ገንዘቡ ካልበቃ በቁጥር ይቀነስ። አራተኛ፣ በሚመጣው የክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንበተን፣ እያንዳንዳችን በቤታችን ያሉትን የክር መሣሪያዎችና ሥራዎች በሰፈራችን ቋንቋ ስማቸውን እየጠየቅን እንመዝግብ። ከአማርኛው ሌላ በጋሞኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሐረሪ የሚጠሩበት ስም አለ። ሙዚየም ዕቃውን ያስቀምጥልናል፤ የሚፈትለውን እጅ ግን ሊያስቀምጥልን አይችልም።

ይህ ሁሉ ቢደረግ አገር በአንድ ዓመት ይለወጣል አንልም። ነገ መሐንዲስ፣ ዳኛ፣ የባንክ ኃላፊ ሆነን በጠረጴዛ ማዶ ስንቀመጥ፣ ብድር ወይም የሥራ ቦታ ሊጠይቅ የመጣውን ሸማኔ የምናየው ዛሬ ባወቅነው ልክ ነው። ስለ እርሱ ሥራ የምናውቀው የታተመውን ሥዕል ብቻ ከሆነ የምንፈርድለትም ያንኑ ያህል ነው። ከዚህ የተለየ አሳብ ያለው ይጻፍልን፤ ገጹ ክፍት ነው። የሚስማማ ደግሞ ከመጻፉ በፊት አንድ እንዝርት ይግዛ።